የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች ሞዴል አሠራር

ሰዎች ከሥራ በተረፋቸው ጊዜ ከሚያዘወትሯቸው የእጅ ሥራዎች አንዱ የመርከብ ሞዴል መሥራት ነው። ሞዴል ማለት የአንድን ነገር ቅርጽና የክፍሎቹን ተመጣጣኝነት ጠብቆ፣ መጠኑን ግን ቀንሶ የሚሠራ አምሳያ ነው። አብዛኛዎቹ የመርከብ ሞዴሎች በመደርደሪያ ላይ የሚቀመጡ ትንንሽ ጌጦች ናቸው። አንዳንድ ሠሪዎች ግን ከጦር መርከቦች ሁሉ ግዙፍ የሆነውን የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ መርጠው ርዝመቱ ሦስትና አራት ሜትር የሚደርስ ሞዴል ይሠራሉ። ይህ ተግባር ከሩቅ ሲያዩት ጨዋታ ይመስላል፤ ቀርበው ሲመረምሩት ግን የሒሳብን፣ የፊዚክስንና የታሪክን ዕውቀት አጣምሮ የሚጠይቅ፣ ዓመታትንም የሚፈጅ ብርቱ ሥራ ነው።

የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ በባሕር ላይ የሚጓዝ የአውሮፕላን ማረፊያ ነው። ከላይ አውሮፕላኖች የሚነሡበትና የሚያርፉበት ጠፍጣፋ ሜዳ አለው። ከሜዳው ሥር አውሮፕላኖች የሚቆሙበትና የሚጠገኑበት ሰፊ አዳራሽ ሲኖር፣ በሜዳው አንድ ጠርዝ ደግሞ መርከቡ የሚመራበት ሕንፃ ቆሞ ይታያል። ከእነዚህ መርከቦች መካከል ስሟ በሰፊው የሚታወቀው የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከብ የነበረችው ኢንተርፕራይዝ ናት። ኢንተርፕራይዝ እ.ኤ.አ. በ1960 ወደ ውኃ ወርዳ በ1961 አገልግሎት ጀመረች፤ በኑክሌር ኃይል በመንቀሳቀስም የመጀመሪያዋ የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ሆነች። ርዝመቷ 342 ሜትር ያህል ሲሆን፣ ሙሉ ጭነቷን ስትይዝ ክብደቷ ከ90,000 ቶን በላይ ነበር። እያንዳንዳቸው 105 ሜትር የሆኑ ሦስት የእግር ኳስ ሜዳዎች በቁመታቸው ቢቀጣጠሉ እንኳ ርዝመቷን አያክሉም።

ይህችን መርከብ በሞዴል መልክ ለመሥራት የሚያስብ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ መስፈርቱን መወሰን አለበት። መስፈርት፣ በካርታ ላይ እንደሚታየው ሁሉ፣ በእውነተኛው ነገርና በአምሳያው መካከል ያለው የርዝመት ዝምድና ነው። መስፈርቱ 1 ለ 700 ቢሆን የኢንተርፕራይዝ ሞዴል 49 ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። 1 ለ 350 ቢሆን 98 ሳንቲ ሜትር፣ 1 ለ 100 ቢሆን 3.42 ሜትር፣ 1 ለ 72 ቢሆን ደግሞ 4.75 ሜትር ይሆናል።

ርዝመቱ ይህን ያህል ቀላል ስሌት ሲሆን የክብደቱ ነገር ግን ልብ ማለትን ይጠይቃል። ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት እያንዳንዳቸው ወደ አንድ መቶኛ ሲቀነሱ ይዘቱ ወደ አንድ ሚሊዮንኛ ይወርዳል፤ ምክንያቱም 100 በ100፣ እንደገናም በ100 ሲባዛ 1,000,000 ስለሚሆን ነው። ስለዚህ የ90,000 ቶኗ መርከብ በ1 ለ 100 ስትሠራ 90 ኪሎ ግራም ልትመዝን ይገባል። በ1 ለ 72 ከሆነ ደግሞ ክብደቱ 240 ኪሎ ግራም ያህል ይደርሳል። ርዝመቱ በአንድ ተኩል እጥፍ እንኳ ሳይጨምር ክብደቱ ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ አደገ ማለት ነው። ይህን ሳያሰላ ሥራውን የጀመረ ሰው፣ የሠራውን ሞዴል ከቤቱ ማውጣት የሚሳነው በመጨረሻው ቀን ነው።

ክብደቱ የሚያሳስበው ለመሸከም ብቻ አይደለም። ተንሳፋፊ ነገር ሁሉ ከራሱ ክብደት ጋር እኩል የሆነ ውኃ ገፍቶ ይንሳፈፋል። ሞዴሉ ከሚገባው በታች ቢቀል በውኃው ላይ ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ቀላል ነፋስም ሊገለብጠው ይችላል። በዚህ ምክንያት ሠሪዎቹ ባትሪዎችንና የእርሳስ ክብደቶችን በመርከቡ ወለል ላይ ዝቅ አድርገው ያስቀምጣሉ። ከዚህም ሌላ ሞዴሉ ቢያንስም ውኃው አያንስም። ቁመቱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ የሐይቅ ሞገድ ለ1 ለ 100 ሞዴል የ20 ሜትር ማዕበል ያህል ነው። ስለሆነም እንዲህ ያሉ ሞዴሎች በሬዲዮ እየተመሩ የሚንሳፈፉት ጸጥ ባለ ውኃ ላይ ነው።

ሥራው የሚጀመረው ከንድፍ ነው። ሠሪው የመርከቧን አካል በየተወሰነ ርቀት እንደተቆረጠ አድርገው የሚያሳዩትን ሥዕሎች በመስፈርቱ መሠረት ይስላል፤ በእነርሱም ልክ ከኮምፖንሳቶ የጎድን አጥንት የመሰሉ ቅርጾች ይቆርጣል። ቅርጾቹን በአንድ ረጅም እንጨት ላይ ተርታ ካቆመ በኋላ በቀጫጭን ጣውላ ያለብሳቸዋል፤ ከላይም ውኃ እንዳያስገባ በፋይበርግላስ ይሸፍነዋል፤ ከዚያም በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሰዋል። ትልልቆቹን ሞዴሎች በበር ለማሳለፍ እንዲቻል በሚፈታቱ ክፍሎች መሥራት የተለመደ ነው። ትዕግሥትን የሚፈትነው ግን ጥቃቅኑ ሥራ ነው። በ1 ለ 100 መስፈርት ፋንቶም የተባለው የጦር አውሮፕላን 19 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ አንድ መርከበኛ ደግሞ 1.7 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። በሜዳው ላይ ለሚሰለፉት አውሮፕላኖች ሁሉ ይኸው ሥራ ሳያሰልስ ይደገማል።

በዋሽንግተን የሚገኘው ብሔራዊ የአየርና የኅዋ ሙዚየም በ1 ለ 100 መስፈርት የተሠራ የኢንተርፕራይዝ ሞዴል አለው። ይህን ሞዴል አንድ ሰው ከ1970 እስከ 1982 እ.ኤ.አ. ድረስ 12 ዓመት ደክሞበታል። በእነዚያው ዓመታት እውነተኛዋ መርከብም አልተለወጠችም ማለት አይቻልም። ከ1979 እስከ 1982 በተደረገላት ታላቅ እድሳት የመሪው ሕንፃ አናት ፈርሶ በሌላ መልክ ተሠራ። ስለዚህ ሞዴል ሠሪ “የትኛዋን መርከብ?” ብቻ ሳይሆን “የትኛውን ዓመት?” ብሎ ራሱን መጠየቅ ይኖርበታል። ፎቶግራፎችንና ንድፎችን እያመሳከረ የሚመረምረው፣ የአንዱን ዓመት መልክ ከሌላው ጋር ቀላቅሎ ኖሮ የማያውቅ መርከብ እንዳይሠራ ነው።

እንዲህ ያለው ጥንቃቄ ከንቱ ድካም አለመሆኑን የመርከቦቹ ዕጣ ያስረዳል። ከዚህችኛይቱ በፊት ኢንተርፕራይዝ ተብላ የተጠራች ሌላ የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስመ ጥር ሆና ነበር። ያገለገሉባት መርከበኞች መታሰቢያ ሆና እንድትቆይ ቢጥሩም በቂ ገንዘብ ሊያሰባስቡ ባለመቻላቸው፣ በ1958 ተሸጣ ተሰባበረች። የ1961ዋም ኢንተርፕራይዝ በ2012 ከአገልግሎት ወጥታ በ2017 ከባሕር ኃይሉ መዝገብ ተሰረዘች። ስምንቱን የኑክሌር ማብላያዎቿን ለማውጣት አካሏ በሰፊው መቆረጥ ስላለበት እርሷም ሙዚየም ልትሆን አልቻለችም። ብረት በሺህ ቶን ቢከመርም ፈራሽ ነው፤ በልኩ ተመዝኖና ተመርምሮ የተሠራው አምሳያ ግን መርከቧን በዓይኑ ላላያት ትውልድ መልኳን ያሳያል።