በበረዶ ሥር ዓሣ ስለ ማጥመድ

በሰሜን አሜሪካ፥ በካናዳ አገር በማኒቶባ ክፍል፥ ዊኒፔግ የሚባል ታላቅ ሐይቅ አለ። ስፋቱ 24,500 ኪሎ ሜትር ካሬ ያህል ነው። የዚያ አገር ክረምት እንደ እኛ የዝናም ወራት ሳይሆን የብርቱ ቅዝቃዜ ወራት ነውና፥ ከኅዳር ጀምሮ የሐይቁ ገጽ እየረጋ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል።

ውሃው ግን እስከ ታች አይረጋም። ውሃ ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው ሙቀቱ 4 ዲግሪ ሲሆን ነው፤ ከዚያ በታች ሲበርድ ቀልሎ ወደ ላይ ይወጣል፥ በረዶውም በላዩ ይንሳፈፋል። ሲበርድ ዘወትር እየከበደ የሚሄድ ቢሆን ኖሮ ሐይቁ ከታች ጀምሮ በረጋ፥ ዓሣውም ባለቀ ነበር።

አጥማጁ በረዶውን በስቶ፥ ገመድ የታሰረበትን ሳንቃ በቀዳዳው ያገባል። ሳንቃውም ተንሳፍፎ ከበረዶው ሥር ይጠጋል፤ ገመዱ በተሳበ ቍጥር በላዩ ያለው የብረት ክንድ በረዶውን እየገፋ ወደ ፊት ያስኬደዋል። ጓደኛው ድምፁን እየሰማ ይከተላል፤ ሳንቃው በቆመበት ስፍራ ሁለተኛ ቀዳዳ ይቈፍራል። ከዚያም በገመዱ መረቡን ስበው ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ይዘረጋሉ።

ነገር ግን በረዶ ሁልጊዜ የሚታመን ድልድይ አይደለም። በብርዱ መግቢያና መውጫ፥ ደግሞም ወንዝ በሚገባበት ስፍራ ይሳሳል፤ ቸኵሎ የረገጠውም ይሰጥማል። ስለዚህ አስተዋይ አጥማጅ በረዶውን በብረት እየፈተነ ይራመዳል። መምህራንም ይህን ሲያስተምሩ፥ የፍጥረትን ጠባይ ማወቅ እንጀራም ሕይወትም እንደሚያተርፍ ለተማሪዎቻቸው ያስረዱ።