ከሸኖ እስከ አንኮበር፦ ዊልቸር በመኪና ሲሳፈር

አበበ ቢቂላ ሲባል ሁሉም ሰው ሮምን ነው የሚያስታውሰው። ባዶ እግሩን፣ የምሽቱን ችቦ፣ በ1952 ዓ.ም. የገባበትን 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። ትንሽ ጨመር የሚያደርግ ደግሞ ቶኪዮን ያነሳል፤ በ1957 ዓ.ም. ትርፍ አንጀቱን ኦፕራሲዮን ሆኖ ብዙም ሳይቆይ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሮጦ ማሸነፉን፣ ገብቶም ሣሩ ላይ ጂምናስቲክ መሥራቱን። ከዚያ ወዲያ ያለውን ታሪክ ግን የስፖርት ቤተሰቡ ቶሎ ብሎ ነው የሚያልፈው። እዚያ ውስጥ መኪና አለ፣ ዊልቸር አለ፣ የሸዋ መንገድም አለ።

አበበ የተወለደው በ1924 ዓ.ም. ከመንዲዳ አጠገብ ጃቶ በምትባል መንደር ነው፤ ደብረ ብርሃን ጎረቤቱ ነች። መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ማታ፣ ከቶኪዮ ድል በኋላ የተሸለማትን ነጭ ቮልስዋገን እየነዳ ሸኖ አካባቢ ሲደርስ መኪናዋ ተገለበጠች። ሌሊቱን እዚያው ውስጥ ተቀርቅሮ አደረ፤ ያወጡት ሲነጋ ነው። ሁለት ኦሊምፒክ ያሸነፉት እግሮች ከዚያች ሌሊት በኋላ አልታዘዙለትም።

በሳምንቱ ወደ እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተወሰደ። መጀመሪያ አንገቱን እንኳ ማዞር አይችልም ነበር። ስምንት ወር ታክሞ እጆቹ ሲመለሱለት ቀስት አነሳ። ሆስፒታሉ ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን እ.ኤ.አ. በ1948 የዊልቸር ውድድር የጀመሩበት፣ ለዛሬው ፓራሊምፒክ መነሻ የሆነ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 አበበ በስቶክ ማንደቪል ጨዋታዎች በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በዓመቱ በእንግድነት ወደ ኖርዌይ ተጋብዞ ሄዶ ሳለ ውሻ በሚጎትተው የበረዶ ጋሪ ውድድር ገብቶ አንደኛ ወጣ። የደብረ ብርሃን ውርጭ ያሳደገው ልጅ ብርድ መቼ ይፈራል የሚል ቢኖር አይፈረድበትም! በ1964 ዓ.ም. ሙኒክ ኦሊምፒክ ላይ በዊልቸር ሆኖ የክብር እንግዳ ነበር። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ አረፈ።

የዚያ ዘመን ዊልቸር በእጅ የሚገፋ ነው። ታጥፎ መኪና ኋላ ይገባል፣ ካልሆነም ፖርቶ መጋላ ላይ ይወጣል፤ ባለቤቱ ደግሞ በእቅፍ ወንበር ላይ ይቀመጣል። በእኛ አገር መንገድ ዛሬም የተለመደው ይኸው ነው። በባትሪ የሚሄደው ኤሌክትሪክ ዊልቸር ሲመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከባትሪውና ከሞተሩ ጋር ብዙውን ጊዜ ከ100 ኪሎ በላይ ይመዝናል። አይታጠፍም። ሁለት ረዳት ተጋግዞ ጣራ ላይ የሚሰቅለው ዕቃ አይደለም። በዚያ ላይ ብዙዎቹ ተጠቃሚዎች ሰውነታቸው የመኪና ወንበር ላይ ደግፎ ስለማይይዛቸው፣ ዊልቸራቸው ላይ እንደተቀመጡ መሄድ ግድ ይላቸዋል።

ይህ ወንበር ኳስ እንደሚጫወትም ሁሉም ሰው አያውቅም። ፓወርቸር ፉትቦል ይባላል። ሜዳው የቅርጫት ኳስ ሜዳ ነው፣ በአንድ ቡድን በረኛውን ጨምሮ 4 ሰው ይገባል፣ ጨዋታው ሁለት ጊዜ 20 ደቂቃ ነው። ኳሷ 33 ሴንቲ ሜትር ስፋት ስላላት ከተለመደችው ትተልቃለች። ተጫዋቹ ወንበሩን በጣቱ፣ አንዳንዴም በአገጩ እያዘዘ ፊት ለፊት በተገጠመው ብረት ይመታታል፤ ክብ ዞሮ የሚለቀው ምት በረኛ ያስጨንቃል። ፍጥነት ከ10 ኪ.ሜ. በሰዓት ማለፍ አይፈቀድም፣ አንድን ተጫዋች ለሁለት መክበብም ፋውል ነው። የዓለም ዋንጫው እ.ኤ.አ. በ2007 ቶኪዮ ላይ ተጀመረ፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት አሜሪካ፣ የ2017ቱንና የሲድኒውን 2023 ፈረንሳይ ወሰዱ። እንግዲህ አስቡት፦ አንድ ቡድን ወደ ጨዋታ ሲሄድ የሚጭነው ማሊያና ኳስ ብቻ አይደለም፣ እያንዳንዱ ከመቶ ኪሎ የሚበልጥ ወንበር ጭምር ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ብረት መኪና ውስጥ በምን ይያዛል? ብዙ ሰው ‹‹ፍሬኑን ከያዘ ይበቃዋል›› ይላል። አይበቃውም። ለዚህ ሥራ የሚወጡ ማሰሪያዎች በዓለም አቀፉ መመዘኛ የሚፈተሹት በ48 ኪ.ሜ. ፍጥነት የተላተመ መኪናን በሚያስመስል ሙከራ ነው። በዚያች ቅጽበት በወንበሩ ላይ የሚያርፈው ኃይል የክብደቱን 20 እጥፍ ይደርሳል። 130 ኪሎ የሆነው ወንበር 26 ኩንታል ሆነ ማለት ነው። ያንን በሲባጎ የሚይዝ ሰው ካለ ይሞክረው። ባዶ ሆኖ ሲጫንም መታሰሩ አይቀርለትም፤ ያለዚያ ፊት ለፊቱ ያለውን ተሳፋሪ ሁሉ ጠርጎ ነው የሚቆመው።

በሌላው ዓለም የተለመደው መያዣ አራት ጠንካራ ቀበቶ ነው፦ ሁለት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ። ወለሉ ላይ በቡሎን ከተያዘ ማያያዣ ተነስተው የወንበሩን ዋና ብረት ይይዛሉ። ከጎማው፣ ከክንድ ማሳረፊያው ወይም ተነቃይ ከሆነ ነገር ጋር ማሰር እንዳላሰሩ ይቆጠራል፤ መጀመሪያ የሚበረው እሱ ነው። ከባዱን ሥራ የሚሠሩት የኋላዎቹ ናቸው፤ ከወለሉ ጋር ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ቢያዘነብሉ ይመረጣል። ማሰሪያዎቹ የሚፈተኑት በ85 ኪሎ ወንበር ስለሆነ ለከባዱ ኤሌክትሪክ ዊልቸር ከኋላ ተጨማሪ ቀበቶ ወይም ለክብደቱ የተፈተነ ዓይነት ያስፈልጋል። ወንበሩ ፊቱን ወደ ሾፌሩ አቅጣጫ ማዞር አለበት። እንደ አሮጌ ላንድሮቨር ተሳፋሪ ጎኑን ሰጥቶ መሄድ በግጭት ጊዜ አደገኛ ነው። ሞተሩ ጥርስ ውስጥ እንደገባ ሆኖ ማብሪያው ይጠፋል፤ አለበለዚያ አንድ ሰው ክርኑ ማዘዣውን ሲነካው ወንበሩ ራሱ ቀበቶውን መጎተት ይጀምራል።

ወንበሩ ታሰረ ማለት ሰውየው ታሰረ ማለት አይደለም። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ዊልቸሩ ላይ ያለችው ቀጭን ቀበቶ አቀማመጥ ማስተካከያ እንጂ ግጭት የምትችል አይደለችም። ተሳፋሪው ከመኪናው ጋር የተያያዘ የወገብና የትከሻ ቀበቶ ያስፈልገዋል፤ የወገቡ ሆዱ ላይ ሳይሆን ዝቅ ብሎ ዳሌው አጥንት ላይ ያርፋል፣ በክንድ ማሳረፊያው ላይም ተንጠልጥሎ ማለፍ የለበትም። መኪናው ወንበር ላይ ተዛውሮ መቀመጥ የሚችል ሰው ግን ቢዛወር ይሻለዋል።

ምቾቱ ደግሞ በሰሜን ሸዋ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። ምኒልክ አዲስ አበባን ከመቆርቆራቸው በፊት የተቀመጡባት አንኮበር ከደብረ ብርሃን 40 ኪ.ሜ. ያህል ብትርቅም ቁልቁለቱና ጥምዝምዙ ጤነኛውንም ወገቡን ያሳየዋል። ጡንቻው ለደከመ ሰው በየኩርባው አንገቱ ይወድቃል። ስለዚህ የራስ መደገፊያ ይጠይቃል፣ ጀርባው ትንሽ ጋደል ሊል ይችላል፤ ከ30 ዲግሪ በላይ ከተጋደመ ግን የትከሻው ቀበቶ ሥራ ይፈታል። ሾፌሩም ኩርባ ላይ መሪውን ቀስ ማለት አለበት። ሌላው ጉዳይ ብርዱ ነው። ባትሪ በብርድ አቅሙ ይቀንሳልና የደብረ ብርሃን ጠዋት ላይ ሙሉ ነው ብሎ የወጣ ሰው ሲመለስ ዳገት ላይ ሊቀር ይችላል።

አሁን አንድ የደብረ ብርሃን ልጅ፣ ቡና ወይም ጊዮርጊስ ይሁን፣ በኤሌክትሪክ ዊልቸር አዲስ አበባ ወርዶ ቡድኑን ማየት ፈለገ እንበል። 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሌላው ደጋፊ ማሊያውን ለብሶ፣ ጥሩምባውን ይዞ መናኸሪያ ሄዶ ይሳፈራል። ለእሱ ግን ሚኒባሱ መወጣጫ ላሜራ ያስፈልገዋል። ወንበር ተነቅሎ ቦታ መለቀቅ አለበት፤ የአሜሪካ ሕግ አውቶቡስ ውስጥ ለአንድ ዊልቸር 76 በ122 ሴንቲ ሜትር ይጠይቃል። ማያያዣው የሚታሰርበት ወለልም ከታች በብረት መጠናከር አለበት፣ ስስ ላሜራ ላይ የገባ ቡሎን ተነቅሎ ይወጣልና። ብየዳውና ቡሎኑ ለደብረ ብርሃን ጋራዦች ያን ያህል የሚያስቸግር ሥራ አይመስልም። የተፈተነው ቀበቶ ግን ከውጭ መምጣት አለበት። ትልቁ ችግር የሚመስለው ሂሳቡ ነው፦ ሁለት ወንበር የተነቀለለት መኪና በየምልልሱ የሁለት ሰው ታሪፍ ይቀርበታል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ኮንቬንሽን አንቀጽ 9 ትራንስፖርት ተደራሽ ይሁን ይላል፣ አንቀጽ 30 ደግሞ ስፖርትና መዝናኛን ያክላል። የሁለቱን ወንበር ዋጋ ማን እንደሚሸፍን ግን ለባለ ሚኒባሱ አይነግረውም።