አከራካሪ ድርሰት፦ የአቶም ኃይል ለምድር መሞቅ መፍትሔ ይሆናልን?

ክርክር በሀገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በቀድሞው ዘመን ባላጋራዎች በዛፍ ጥላ ሥር በዳኛ ፊት ቆመው «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ ሲሟገቱ፣ ተመልካቹ የሚያደንቀው የተሟጋቹን ድምፅ ብቻ ሳይሆን ነገሩን የሚይዝበትንም ብልሃት ነበር። ጭብጡን ሳይለይ የጮኸ ተሟጋች አነጋገሩ ምንም ቢያምር መረታቱ አይቀርም ነበር።

በጽሑፍ የሚቀርበው አከራካሪ ድርሰትም ሕጉ ከዚህ የራቀ አይደለም። ጸሐፊው በመጀመሪያ ጭብጡን ለይቶ ማወቅ፣ ቀጥሎም ተቃራኒው ወገን የሚለውን ከራሱ ከተቃራኒው ወገን ባልተናነሰ መረዳት አለበት። ይህን በደረቁ ከመናገር ዓለምን በእውነት ባከራከረ ጉዳይ ላይ ማሳየት ይሻላልና፣ የአቶም ኃይልን ነገር እንመልከት።

ሰዎች የድንጋይ ከሰልን፣ የነዳጅ ዘይትንና የተፈጥሮ ጋዝን በብዛት ማቃጠል ከጀመሩ ወዲህ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለው ጋዝ በከባቢ አየር ውስጥ እየተከማቸ ሄዷል። ከኢንዱስትሪ አብዮት በፊት ከአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣቶች መካከል 280 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1958 በሃዋይ በማውና ሎአ ተራራ ላይ መለካት ሲጀመር ቁጥሩ 315 ገደማ ደርሶ ነበር፤ በ2024 ደግሞ ከ420 በላይ ሆኗል። ይህ ጋዝ የፀሐይን ብርሃን ያሳልፋል፤ ከምድር ተመልሶ የሚወጣውን ሙቀት ግን ይይዛል። ስለሆነም ሲበዛ ምድርን ያሞቃል።

የድንጋይ ከሰል እያቃጠሉ ኤሌክትሪክ ማመንጨት ለጋዙ መብዛት ከዐቢይ ምክንያቶች አንዱ ነው። በአቶም ኃይል ማመንጫ ጣቢያ ውስጥ ግን የሚቃጠል ነገር የለም። ኒውትሮን የተባለው ቅንጣት የዩራኒየምን አቶም እምብርት ሲመታው እምብርቱ ይሰነጠቃል፤ ሙቀትና ሌሎች ኒውትሮኖችም ይወጣሉ፤ እነዚያ ኒውትሮኖች በተራቸው ሌሎች እምብርቶችን ይሰነጥቃሉ። ሙቀቱ ውሃ ያፈላል፤ እንፋሎቱም የኤሌክትሪክ ማመንጫውን ተርባይን ያሽከረክራል። እሳት የሌለበት ምድጃ ነው ቢባል ከእውነት አያርቅም። የአንድ ኪሎ ግራም ዩራኒየም 235 እምብርቶች ሁሉ ቢሰነጠቁ የሚገኘው ሙቀት ከ2,500 ቶን በላይ የድንጋይ ከሰል ተቃጥሎ የሚሰጠውን ያህል ነው። የአየር ንብረት ለውጥን የሚያጠናው የመንግሥታት የጋራ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መካከለኛ ግምት፣ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ከድንጋይ ከሰል ሲመነጭ 820 ግራም፣ ከተፈጥሮ ጋዝ ሲመነጭ 490 ግራም፣ ከአቶም ሲመነጭ ግን 12 ግራም ያህል የሙቀት አማቂ ጋዝ ያስከትላል። በዚህ ስሌት ውስጥ ማዕድኑን ማውጣትና ጣቢያውን መገንባት ጭምር ተቆጥረዋል።

እንግዲህ ነገሩ በዚህ ያበቃ ይመስላል። አላበቃም።

ይህን ርእስ አንድ ጊዜ በክፍል ውስጥ አከራክሬበት ነበር። በጥቁር ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት ጥያቄ «የአቶም ኃይል ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?» የሚል ነበር። አንዱ ወገን አርባውን ደቂቃ ስለ ሂሮሺማ ሲናገር፣ ሌላው ስለ ፋብሪካ ጭስ ተናገረ። ሁለቱም ጥሩ ተናጋሪዎች ነበሩ፤ አንድም ጊዜ ግን አልተገናኙም። ጥፋቱ የተማሪዎቹ ሳይሆን የእኔ ነበር፤ ጥያቄው ጭብጥ አልነበረውምና። ስለ ቦምብ የተነሣው ነገር መሠረተ ቢስ አይደለም፤ ዩራኒየም አጣርቶ ማበልጸግ ለሁለቱም ያገለግላልና። ይሁን እንጂ ያ ራሱን የቻለ ክርክር ነው።

ደኅና ጭብጥ «ከምን ጋር ሲነጻጸር?» የሚለውን ጥያቄ በውስጡ ይይዛል። ለምሳሌ ያህል «የድንጋይ ከሰል የሚያቃጥል ሀገር በደኅና የሚሠሩ የአቶም ጣቢያዎቹን አስቀድሞ መዝጋት ይገባዋልን?» የሚለው አንድ ጭብጥ ነው። «አንድ ሀገር የምድርን መሞቅ ለመቀነስ ገንዘቡን በአዲስ የአቶም ጣቢያ ላይ ማዋል ይገባዋልን?» የሚለው ደግሞ ሌላ ነው። ሁለቱ ወንድማማች ቢመስሉም፣ ለመጀመሪያው «አይገባውም»፣ ለሁለተኛውም «አይገባውም» ብሎ የሚመልስ ሰው ራሱን አልተቃረነም።

ለመጀመሪያው ጭብጥ ጀርመንን የመሰለ ምሳሌ የለም። በዚያ ሀገር የአቶም ጣቢያዎችን የሚቃወም ብርቱ የሕዝብ እንቅስቃሴ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ነበር። በ2002 ጣቢያዎቹ ቀስ በቀስ እንዲዘጉ በሕግ ተወሰነ፤ በ2010 ዕድሜያቸው እንዲራዘም ተፈቀደ፤ በ2011 ጃፓን ውስጥ በፉኩሺማ አደጋ በደረሰ ጊዜ ውሳኔው እንደ ገና ተገለበጠ፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት ጣቢያዎችም ሚያዝያ 15 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ተዘጉ። በዚያ ዓመት ጀርመን ከኤሌክትሪኳ አንድ አራተኛ ያህሉን ገና ከድንጋይ ከሰል ታመነጭ ነበር።

የአቶም ደጋፊ ይህን ይዞ፣ «ጭስ የሌለውን አስቀድማ ዘጋች፤ የሚያጨሰውን አቆየች» ይላል። ጎረቤቷን ፈረንሳይንም ይጠራል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1973 የነዳጅ ዋጋ ከናረ በኋላ፣ በ1974 በጠቅላይ ሚኒስትር ፒየር ሜስሜር ዘመን ሰፊ ዕቅድ አውጥታ በሃያ ዓመት ገደማ ውስጥ ከ50 የሚበልጡ የአቶም ማብላያዎችን አቁማለች። እ.ኤ.አ. በ2023 የፈረንሳይ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ከ100 ግራም ያነሰ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲያወጣ የጀርመን ከ300 ግራም በላይ ያወጣ ነበር።

ተቃዋሚውስ? እርሱም ባዶ እጁን አይደለም። ጣቢያዎቹ በተዘጉበት በዚያው ዓመት በጀርመን ለኤሌክትሪክ የተቃጠለው የድንጋይ ከሰል እንዳልጨመረ፣ ይልቁንም እንደቀነሰ፣ ከኤሌክትሪኩም ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከነፋስ፣ ከፀሐይና ከመሳሰሉት እንደተገኘ ይጠቅሳል። ሁለቱም እውነት ይናገራሉ።

የቋንቋ ትምህርት እዚህ ላይ ይገባል። ደጋፊው ብዙውን ጊዜ እንዲህ ብሎ ይጽፋል፦ «ጀርመን የአቶም ጣቢያዎቿን ባትዘጋ ኖሮ ከድንጋይ ከሰል ፈጽማ በተላቀቀች ነበር።» በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ባትዘጋ ኖሮ» እና «በተላቀቀች ነበር» የሚሉት አነጋገሮች ያልተፈጸመን ድርጊት ያመለክታሉ። ያልተፈጸመ ድርጊት ደግሞ የዓይን ምስክር የለውም። ጸሐፊው በዚህ አገባብ እንዳይጠቀም የሚከለክለው የለም፤ ነገር ግን እንደ ተረጋገጠ ነገር አድርጎ ሳይሆን «የምታቃጥለው የድንጋይ ከሰል ባነሰ ነበር ብሎ መገመት ይቻላል» ብሎ፣ የግምቱንም ምክንያት አስከትሎ መጻፍ ይገባዋል። ተቃዋሚውም ቢሆን «ቀነሰ» ሲል፣ በዚያ ዓመት ጀርመን ከጎረቤቶቿ የገዛችው ኤሌክትሪክ ከሸጠችው እንደበለጠ አለመናገሩ ተገቢ አይደለም።

ሁለተኛውን ጭብጥ የያዘ ተከራካሪ ወደ ኖርማንዲ ጠረፍ ይሂድ። በዚያ በፍላማንቪል ፈረንሳይ ራሷ አዲስ ጣቢያ መሥራት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2007 ነበር፤ በ2012 በ3.3 ቢሊዮን ዩሮ ይጠናቀቃል ተብሎ ታቅዶ፣ ኤሌክትሪክ መስጠት የጀመረው በታኅሣሥ 2024 ነው፤ ወጪውም ከ13 ቢሊዮን ዩሮ አልፏል። ምድር በየዓመቱ በምትሞቅበት ዘመን አሥራ ሰባት ዓመት መጠበቅ ቀላል ነገር አይደለም። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2022 በጋ በቧንቧዎች ዝገትና በጥገና ምክንያት ከፈረንሳይ 56 ማብላያዎች ከግማሽ የሚበልጡት ቆመው ነበር፤ ከሚሠሩትም አንዳንዶቹ ማቀዝቀዣ የሚሆናቸው የወንዝ ውሃ በሙቀት ምክንያት ስለሞቀ ኃይላቸውን ለመቀነስ ተገደዱ። ለሙቀት መድኀኒት የተባለው ራሱ ሙቀት ያዘው ማለት ነው! ይህም ሆኖ በታኅሣሥ 2023 በዱባይ በተደረገው የአየር ንብረት ጉባኤ ከ20 የሚበልጡ ሀገሮች የዓለምን የአቶም ኃይል እስከ 2050 በሦስት እጥፍ ለማሳደግ መፈለጋቸውን አስታውቀዋል።

አደጋን በሚመለከት የሚነሣው ክርክር ከሁሉ ይልቅ የግስ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሚያዝያ 26 ቀን 1986 እ.ኤ.አ. በቼርኖቢል አራተኛው ማብላያ በፈነዳ ጊዜ፣ በዚያች ሌሊትና በተከታዮቹ ወራት 30 ያህል የጣቢያው ሠራተኞችና የእሳት አደጋ ተከላካዮች ሞቱ። «ሞቱ» የሚለው ግስ እዚህ ላይ ትክክል ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች የተካፈሉበት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2005፣ ለጨረሩ እጅግ ከተጋለጡት መካከል እስከ 4,000 የሚደርሱ ሰዎች በነቀርሳ ሊሞቱ እንደሚችሉ ገመተ። «ሊሞቱ ይችላሉ» እንጂ «ሞቱ» አላለም። ተቃዋሚው ሁለተኛውን ቁጥር በመጀመሪያው ግስ ሲጽፍ፣ ደጋፊው ደግሞ የመጀመሪያውን ብቻ ጽፎ ሁለተኛውን ሲተው፣ ሁለቱም አንባቢውን ያሳስታሉ። የፉኩሺማ ነገር ይበልጥ የተወሳሰበ ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 11 ቀን 2011 የባሕር መናወጥ ያስነሣው ማዕበል ጣቢያውን ከመታ በኋላ ከ150,000 በላይ ሰዎች ከቤታቸው ወጡ። በጨረር ምክንያት እንደሞተ የጃፓን መንግሥት የተቀበለው የአንድ ሠራተኛን ሞት ሲሆን፣ ከስደቱና ከእንግልቱ የተነሣ የሞቱት፣ አብዛኞቹም አረጋውያን፣ ከ2,000 ይበልጣሉ። እነዚህን ሰዎች ማን ገደላቸው እንላለን? አቶሙ? ፍርሃቱ? ወይስ የአሸሻሸቱ ሥርዓት ጉድለት? ጥያቄው ለፍትሕም ለሰዋስውም ከባድ ነው። በሌላ በኩል በድንጋይ ከሰል ጭስ ሳንባው ታሞ የሚሞተው ሰው ስም በጋዜጣ አይወጣም፤ የሚሞትበት ቀንም ለማንም መታሰቢያ አይሆንም።

የተቃዋሚው ብርቱ ክንድ ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ አደጋው ሳይሆን ዝቃጩ ነው። ከማብላያው ከሚወጣው ዝቃጭ ውስጥ የሚገኘው ፕሉቶኒየም 239 ጨረሩ በግማሽ ለመቀነስ 24,000 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ፊንላንዶች በኦልኪሉኦቶ ደሴት ከ400 ሜትር በላይ ጥልቀት ባለው አለት ውስጥ ለዚሁ የሚሆን መቃብር ቆፍረዋል። ለዚያ መቃብር ማስጠንቀቂያ ምልክት እንጻፍ ቢባል በየትኛው ቋንቋ ይጻፋል? የንጉሥ ኢዛና የግእዝ ጽሑፍ በአክሱም ድንጋይ ላይ ከተቀረጸ ገና 1,700 ዓመት ገደማ ነው፤ ለማንበብ ግን ዛሬ የተማረ ሰው ያስፈልገዋል። ደጋፊው ዝቃጩ በመጠኑ ጥቂት መሆኑን፣ የድንጋይ ከሰል ዝቃጭ ግን በመላው ዓለም አየር ላይ መበተኑን በመጥቀስ ሊመልስ ይችላል። መልሱ ጥሩ ነው፤ ይሁንና ለጥያቄው ሳይሆን ለጎረቤቱ የተሰጠ መልስ ነው።

አንድ ነገር ይቀራል፤ ይኸውም ቦታ ነው። ከላይ የደጋፊውን ክርክር ያጸናው ምሰሶ «የአቶም ኃይል የድንጋይ ከሰልን ይተካል» የሚለው ነበር። ይህንኑ ክርክር እንዳለ አንሥቶ ወደ ኢትዮጵያ የሚያመጣ ተማሪ ምሰሶውን ጀርመን ትቶት ይመጣል። የሀገራችን ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ከውሃ ኃይል የሚመነጭ ነው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብም ለዚህ ምስክር ነው። በእንዲህ ያለ ሀገር የአቶም ኃይልን የሚደግፍ ሰው የሚተካው የድንጋይ ከሰል ስለሌለው ሌላ ምክንያት መፈለግ አለበት፤ ምናልባት ዝናብ ሲያጥር ግድቦች ሁሉ አብረው መጉደላቸውን፣ ምናልባትም ኤሌክትሪክ ያልደረሰው ሕዝብ ገና ብዙ መሆኑን ያነሣ ይሆናል። የሚቃወመውም እንዲሁ የጀርመንን ነፋስ ትቶ የሀገሩን ነፋስና ፀሐይ፣ የሀገሩንም ካዝና መመርመር ይኖርበታል።

መልመጃ፦ ከላይ ከተመለከቱት ሁለት ጭብጦች አንዱን ምረጡ። በመጀመሪያ የማትስማሙበትን ወገን አሳብ በአንድ አንቀጽ ጻፉና፣ ያን ወገን ለሚደግፍ የክፍል ጓደኛችሁ አስነብቡት። እርሱ «አዎን፣ የምለው ይህንኑ ነው» ካለ በኋላ የራሳችሁን አንቀጽ ጀምሩ። በሁለቱም አንቀጾች ውስጥ የተፈጸመን፣ የሚገመተንና ሳይፈጸም የቀረን ድርጊት የሚያመለክቱትን ግሶች ለይታችሁ አስምሩባቸው።