ቁልቁለቱን የሚሸከመው ማን ነው? ከከባድ መኪና ፍሬን ጋር ትውውቅ

ከነጭነቱ 40 ቶን የሚመዝን መኪና ከጎሃ ጽዮን ተነሥቶ አባይ ድልድይ እስኪደርስ ድረስ፣ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን ጠመዝማዛ መንገድ ከ1,300 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ይህን ያህል ክብደት ከዚያ ከፍታ ሲወርድ የሚለቀው ኃይል የት ይገባል? መኪናው ፍጥነቱን ሳይጨምር ወንዙ ዳር ከደረሰ፣ ኃይሉ ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ሙቀት ተለውጧል ማለት ነው። ሒሳቡ ሲሠራ 1,500 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ የሚያፈላ ሙቀት ይሆናል፤ 14 ሊትር ያህል ናፍጣ ተቃጥሎ የሚሰጠው ማለት ነው። ያ ሁሉ ሙቀት ጎማዎቹ መሐል በተደበቁት ጥቂት የብረት ከበሮዎች ላይ ብቻ ከተጫነ ፍሬኑ አይችለውም። ከባድ መኪናን በሰላም ማውረድ ሙቀቱን ወዴት እንደሚልኩት ማወቅ ነው። የሹፌሩም ጥንቃቄ፣ የመካኒኩም ሥራ ዞሮ ዞሮ ከዚህ ይነሣል።

የቤት መኪና ፍሬን በዘይት ይሠራል። እግር ፔዳሉን ሲጫን ዘይቱ በቀጭን ቱቦ ተገፍቶ ጎማው ዘንድ ይደርሳል። ለ40 ቶን ግን የሰው እግር ጉልበት አይበቃም፤ ስለዚህ ከባድ መኪና በንፋስ ፍሬን ይቆማል። ሞተሩ ኮምፕሬሰር ያዞራል፤ ኮምፕሬሰሩ አየር እየጨመቀ በሻንሲው ሥር የተሰቀሉትን ጋኖች ይሞላል። ጋኖቹ ሲሞሉ ግፊቱ ከ7 እስከ 8 ባር፣ በሌላው መለኪያ ከ100 እስከ 120 ፒ ኤስ አይ ይደርሳል። ሹፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ በራሱ ጉልበት ፍሬኑን አይጫንም፤ ለተጠራቀመው ንፋስ በር ይከፍትለታል። ንፋሱ በየጎማው አጠገብ ወዳለው ክብ ዕቃ ገብቶ አንድ ዘንግ ይገፋል፣ ዘንጉ ክንድ ያዞራል፣ ክንዱ ደግሞ ሸራ የለበሱትን ብረቶች ከውስጥ ወደ ውጭ ገፍቶ ከሚዞረው ከበሮ ጋር ያጣብቃቸዋል።

የንፋስ ፍሬን የተወለደው ባቡር ላይ ነው። አሜሪካዊው ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ በ1869 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን የንፋስ ፍሬን ፈጠራ አስመዘገበ። ያኛው ግን ትልቅ ጉድለት ነበረበት፤ ቱቦው ከተበጠሰ ባቡሩ ፍሬን አልባ ይቀራል። ሰውየው ሦስት ዓመት ቆይቶ አሠራሩን ገለበጠው። በአዲሱ ፍሬን በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት እስካለ ድረስ ጎማው ነጻ ሆኖ ይዞራል፣ ግፊቱ ከወደቀ ባቡሩ በራሱ ይቆማል። የዛሬው ከባድ መኪና የእጅ ፍሬንም ይህንኑ ሐሳብ ይከተላል። በኋላ ጎማዎቹ ዘንድ እጅግ ብርቱ ሞላ ታምቆ ተቀምጧል፤ ሞላውን ጨምቆ የያዘው ንፋሱ ነው። ንፋሱ ሲያልቅ ሞላው ይለቀቅና ፍሬኑን ይይዛል።

ይህን ነጥብ አጥብቄ መያዝ የምፈልገው አደጋ በደረሰ ቁጥር «ንፋሱ አልቆ ነው» የሚል ፈጣን መልስ ስለሚሰጥ ነው። ደኅና በተያዘ መኪና ላይ ንፋስ ሲያልቅ መኪናው ይቆማል፤ ቁልቁል አይሮጥም። በረጅም ቁልቁለት ላይ መኪናን የሚያስመልጠው ብዙ ጊዜ ሙቀት ነው።

የጋለ ብረት ይሰፋል። ከበሮው ሲግል ከሸራው ይርቃል፤ ሸራው እሱን ለመድረስ ዘንጉ ከቀድሞው የበለጠ መንገድ መግፋት አለበት። የዘንጉ መንገድ ደግሞ የተወሰነ ነው። መጨረሻው ላይ ከደረሰ ሹፌሩ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ቢረግጠውም የሚጨመር ነገር የለም። በዚያ ላይ ሸራው ራሱ ከልክ በላይ ሲግል የመያዝ አቅሙን ያጣል። ከሁሉ የከፋው ነገር ግን እግር ምንም አለመንገሩ ነው። በዘይት ፍሬን ላይ ፔዳሉ ሲለሰልስ ወይም ሲሰምጥ ሹፌሩ ይነቃል። የንፋስ ፍሬን ፔዳል ግን በር መክፈቻ ብቻ ስለሆነ፣ ጎማው ዘንድ ሁሉ ነገር ተበላሽቶም እንደ ወትሮው ሊሰማ ይችላል። ምልክቱ ሌላ ቦታ ነው፤ የሚሸት ሸራ፣ ከጎማ የሚወጣ ጭስ፣ አንድ ዓይነት ፍጥነት ለመያዝ እየጨመረ የሚሄድ ርግጫ። እጅ ፍሬኑም ያንኑ ሸራና ያንኑ ከበሮ ስለሚጠቀም፣ ከበሮው ከጋለ በኋላ እሱን መሳብ ተስፋ የሚጣልበት አይደለም።

ታዲያ ሙቀቱን ማን ይሸከመው? ሞተሩ። ሞተር ናፍጣ ሳይሰጠው በማርሽ ተይዞ ሲዞር መኪናውን ወደ ኋላ ይጎትታል፤ ሙቀቱንም በራዲያተሩና በጭስ ማውጫው ያስወጣል። እሱ የተሠራው ቀኑን ሙሉ ሲግል እንዲውል ነው፤ ከበሮው ግን አይደለም። የናፍጣ ሞተር ብቻውን ሲሆን ግን የመያዝ አቅሙ ደካማ ስለሆነ ተጨማሪ መሣሪያ ይበጅለታል። አንደኛው ዓይነት የጭስ ማውጫውን ዘግቶ ሞተሩን ያፍነዋል። ሌላው የተጨመቀውን አየር ፒስተኑ ጫፍ ላይ ሲደርስ በቫልቭ ይለቀዋል፤ ስለዚህ ሞተሩ አየር ለመጨመቅ ያወጣው ጉልበት ተመልሶ መኪናውን አይገፋም።

ይህ ሁለተኛው የተፈለሰፈው ከሞት አፋፍ በተመለሰ ሰው ነው። የከሚንስ ሞተር ኩባንያ መሥራች ክሌሲ ከሚንስ በ1931 እ.ኤ.አ. የናፍጣ ሞተሩን ብርታት ለማሳየት አሜሪካን በከባድ መኪና ሲያቋርጥ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ካሆን በሚባለው ተራራ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ከዳው። ከታች የባቡር ሐዲድ መንገዱን ያቋርጣል፤ የጭነት ባቡርም እያለፈ ነበር። መኪናው ሐዲዱ ላይ የደረሰው የባቡሩ የመጨረሻ ፉርጎ ገና እንዳለፈ ነው። ከሚንስ ያንን ቀን አልረሳም። ሐሳቡን ወደ መሣሪያ ለውጦት ጃኮብስ የተባለው ኩባንያ በ1961 እ.ኤ.አ. ለገበያ አቀረበው፤ ዛሬም ዓለም ዙሪያ በከባድ መኪኖች ላይ ይሠራል።

ፍጥነትን በተመለከተ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የወረደም፣ 60 የወረደም የሚያስተናግደው የሙቀት መጠን ከሞላ ጎደል እኩል ነው፤ ቁልቁለቱ አንድ ነውና። ልዩነቱ ጊዜው ነው። የመጀመሪያው ሙቀቱን ለማስወጣት 40 ደቂቃ አለው፣ ሁለተኛው 20 ብቻ። በቀስታ የሚወርደው ሹፌር ለብረቱ የመቀዝቀዣ ጊዜ እየገዛለት ነው። ስለዚህ ከኋላው ሆናችሁ የቤት መኪና የምትነዱ ወዳጆቼ፣ ጥሩምባ አትንፉበት። ቀድማችሁ ከፊቱ ጥልቅ ብላችሁም ፍሬን አትያዙ፤ በሞተር ተይዞ የሚወርደውን ሰው ያለፍላጎቱ ፔዳል እያስረገጣችሁት ነው።

አወራረዱ አናቱ ላይ ይወሰናል። መኪናው ገና ቁልቁለቱን ሳይጀምር ማርሹ ይቀነሳል። «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚለው የድሮ ምክር ለድሮዎቹ መኪኖች ጥሩ ነበር። የዘንድሮዎቹ ግን ሞተራቸው ጉልበተኛ ስለሆነ ዳገቱን በከፍተኛ ማርሽ ይወጡታል፤ በዚያው ማርሽ መውረድ ግን አደገኛ ነው፣ ከዚያም ዝቅ ማለት ያስፈልጋል። ፍጥነት ከተያዘ በኋላ ማርሽ ልቀንስ ማለት ደግሞ ከሁሉ የባሰ ስሕተት ነው። አዲሱ ማርሽ አልገባም ሊል ይችላል፣ የነበረውም ወጥቷል፤ መኪናው በሞተር ሳይያዝ ይቀራል። ናፍጣ ለመቆጠብ ተብሎ ማርሽ ዜሮ አድርጎ መልቀቅ ወይም ፍሪሲዮን ረግጦ መንሸራተትም ራስን እዚያው ሁኔታ ውስጥ መክተት ነው። ደግሞ ማርሽ ውስጥ ያለ ዘመናዊ የናፍጣ ሞተር ቁልቁለት ላይ እግር ከነዳጅ ሲነሣ ናፍጣ መርጨቱን ያቆማል። ቁጠባ የተባለው ነገር የለም።

ማርሹ በትክክል ከተያዘ እግር ፍሬን ረዳት ብቻ ይሆናል። ሹፌሩ የማያልፈውን ፍጥነት ይወስናል፤ መኪናው እዚያ ሲደርስ ጠበቅ አድርጎ ይረግጥና ፍጥነቱ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ያህል ሲወርድ ፈጽሞ ይለቃል። እንደገና ሲደርስ እንደገና። እግርን ፔዳሉ ላይ አሳርፎ መውረድ ከበሮውን ፋታ ይነሣዋል፤ ቶሎ ቶሎ መምታት ደግሞ ንፋሱን ያሟጥጣል።

ይህ ሁሉ ግን ጋራዡ ሥራውን ከሠራ ነው። የተጨመቀ አየር እርጥበቱን ጋኑ ውስጥ ጥሎ ያልፋል፤ ውሃው ካልተለቀቀ ቫልቮቹን ያዝጋል፣ የንፋሱንም ቦታ ይሻማል። በየቀኑ የጋኖቹን መክፈቻ ከፍቶ ውሃውን ማስወጣት ለረዳቱ የደቂቃ ሥራ ነው። የዘንጉን መንገድ የሚወስነው ማስተካከያ ክንድ ከላላ፣ ከላይ ያልኩት የከበሮ መስፋት ሳይጨመርበት ግማሹ አቅም ቀድሞ ሄዷል። በራሱ የሚያስተካክል ክንድ የተገጠመለት መኪና ቶሎ ቶሎ በእጅ መጠበቅ ካስፈለገው፣ የተደበቀ ብልሽት ስላለው መፈለግ አለበት። ከጎማው መሐል ዘይት ፈስሶ የነካው ሸራ ተወልውሎ አይመለስም፤ ይቀየራል። ንፋስ እየሾለከ እጅ ፍሬኑ አልለቅ ሲል ሞላውን በብሎን አስሮ መንገድ መቀጠል፣ ወይም የተሳቢውን ፍሬን ዘግቶ መሄድ፣ የመጨረሻውን መከታ በገዛ እጅ ማፍረስ ነው። ያ ሞላ የታመቀበትን ዕቃ ደግሞ ያልሠለጠነ ሰው አይክፈተው፤ ተፈናጥሮ ሰው ይገድላል።

በአሜሪካ ከባድ መኪና የሚነዱ በርካታ ወገኖቻችን ሲዲኤል የተባለውን የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ሲፈተኑ የንፋስ ፍሬን ምርመራውን በቃላቸው እያሉ በተግባር ማሳየት አለባቸው። ምርመራው ምንም የጋራዥ ዕቃ ስለማይፈልግ ጎሃ ጽዮንም ላይ ይሠራል። ሜዳ ላይ ለጎማዎቹ ታኮ ይደረጋል፣ ጋኖቹ ይሞላሉ፣ ሞተሩ ይጠፋል፣ እጅ ፍሬኑ ይለቀቃል። ከዚያ ቁልፉ ተከፍቶ ፔዳሉ ተረግጦ ለአንድ ደቂቃ ይያዛል፤ ግፊቱ ተሳቢ ለሌለው ከ3፣ ተሳቢ ላለው ከ4 ፒ ኤስ አይ በላይ መውረድ የለበትም። ቀጥሎ ፔዳሉ እየተመታ ንፋሱ ሲቀነስ፣ ወደ 60 ፒ ኤስ አይ አካባቢ ማስጠንቀቂያው መብራት ወይም መጮኽ ይኖርበታል። ሲቀጥል ከ45 እስከ 20 ባለው መካከል የእጅ ፍሬኑ ማዘዣ ራሱ ብድግ ብሎ ሞላው መያዝ አለበት። ከነዚህ አንዱ የጎደለው መኪና አይነዳም።

ድልድዩ ዘንድ ሲደርሱ ሌላ ምርመራ አለ። ሳይነኩ የእጅን ጀርባ ወደየጎማው መሐል ማስጠጋት። ሁሉም ለብ ካሉ ደኅና ነው። አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ቀዝቃዛ ከሆነ የሱ ፍሬን አልሠራም፤ ሸክሙን ሌሎቹ ተሸክመውለታል። የሚያቃጥል ካለ ደግሞ እጅ ፍሬን ሳይስቡ በታኮ አቁሞ መጠበቅ ነው። ውሃ መድፋት አይገባም፤ የጋለ ብረት ይሰነጠቃል።

ለባለንብረቶች አንድ ነገር አለኝ። ሹፌሩን በምልልስ ብዛት ብቻ የምትከፍሉት ከሆነ፣ አናት ላይ ቆሞ ፍሬኑን የሚመረምርበትን ጊዜ ከገዛ ኪሱ እያስከፈላችሁት ነው። ለዚያ ጊዜ ክፈሉ። «ሸራው አልቋል» ሲላችሁ «ይቺን ጉዞ ጨርስ» አትበሉት፤ መኪናውን አቁሙና ቀይሩለት።