«ሰውነቴ ምን እየሆነ ነው?» ኤክስ-ሜን ኢቮሉሽንን ከልጆቻችሁ ጋር ስታዩ



«ዶክተር፣ ልጄ 13 ዓመት ሞልቶታል፤ አሁንም ካርቱን ላይ ነው የሚውለው፤ ጤነኛ ነው?» የሚል ጥያቄ በውስጥ መስመር ደጋግሞ ይደርሰኛል። መልሴ አጭር ነው፦ እንቅልፉን፣ ትምህርቱንና ከጓደኞቹ ጋር የሚያሳልፈውን ጊዜ እስካልነጠቀው ድረስ ጤነኛ ነው። እንዲያውም አንዳንዱን ካርቱን አጠገቡ ተቀምጣችሁ ብታዩት ጥሩ ነው። ዛሬ ስለ አንዱ ላውራችሁ። ምክንያቱም እኛ ክሊኒክ ውስጥ ከልጆች አፍ በስንት መከራ የምናወጣውን ነገር ይሄ ካርቱን በ20 ደቂቃ ያወጣዋል።

ስሙ «ኤክስ-ሜን ኢቮሉሽን» ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ2000 እስከ 2003 በአሜሪካ የተላለፈ፣ 4 ምዕራፍና 52 ክፍል ያለው ተከታታይ ፊልም ነው። ኤክስ-ሜኖች ራሳቸው የቆዩ ናቸው፤ ስታን ሊ እና ጃክ ከርቢ በ1963 ለማርቭል የሥዕል መጽሔት የፈጠሯቸው ናቸው። ይህ ተከታታይ ያደረገው ነገር አብዛኞቹን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ማድረግ ነው። ቀን ከሌላው ልጅ ጋር ክፍል ይገባሉ፤ ከትምህርት በኋላ ደግሞ ፕሮፌሰር ዜቪየር በሚባል ሰው ግቢ ውስጥ ይኖራሉ።

ከሌሎች የጀግና ፊልሞች የሚለየው ምን መሰላችሁ? ከእነዚህ ልጆች አብዛኞቹ ኃይሉን አልለመኑትም፤ ብዙዎቹም ባይኖራቸው ይመርጣሉ። ኪቲ የምትባለው ልጅ ተኝታ ሳለ አልጋውንም ወለሉንም አልፋ ምድር ቤት ትወድቃለች። ስኮት ዓይኑን ሲገልጥ የሚያወድም ጨረር ስለሚወጣ ልዩ ቀይ መነጽር ከፊቱ አይለይም። ኩርት መላ ሰውነቱ ሰማያዊ ፀጉር የለበሰ፣ ጅራት ያለው ልጅ ነው፤ ትምህርት ቤት የሚገባው የሌላ ልጅ መልክ በሚያለብሰው የእጅ ሰዓት ተሸፍኖ ነው። ሮግ ደግሞ በባዶ እጇ የነካችው ሰው ራሱን ይስታል፤ ትውስታውና ኃይሉ ወደ እሷ ይገባል። ስለዚህ ጓንት አጥልቃ፣ ከሰው ርቃ ትኖራለች።

በታሪኩ መሠረት ይህ ሁሉ የሚመጣው በጉርምስና ከሚነቃ የዘረመል ለውጥ ነው። (በነገራችን ላይ እውነተኛው ሚውቴሽን እንዲህ አያበርርም። አድጋችሁም ወተት ጠጥታችሁ ሆዳችሁን ሳይነፋችሁ የምትውሉ ከሆነ ግን እናንተም «ሚውታንት» ናችሁ ማለት ይቻላል። ይህ ችሎታ በምሥራቅ አፍሪካ ከብት አርቢዎች ዘንድ የተስፋፋ የዘረመል ለውጥ ውጤት ነው።)

የኪቲ ነገር በእንቅልፍ መጀመሩ በጣም ገርሞኛል። ጉርምስናም በእውኑ የሚጀምረው በእንቅልፍ ነውና። አንጎል ውስጥ ሐይፖታላመስ የሚባል ትንሽ ክፍል አለ፤ ከልጅነት ጀምሮ በዚህ ጉዳይ ዝም ብሎ ይቆይና አንድ ቀን ሌሊት ሌሊት በየተወሰነ ሰዓት የሆርሞን ምልክት መላክ ይጀምራል። ምልክቱ ፒቱታሪ የሚባለውን እጢ ይቀሰቅሳል፤ እሱ ደግሞ በሴት እንቁላል ማምረቻውን፣ በወንድ የዘር ፍሬውን ያዝዛል። ልጁ ተኝቷል፤ ሰውነቱ ግን ሳያስፈቅደው ሥራ ጀምሯል። ጠዋት ተነስቶ አንሶላው ረጥቦ ሲያገኘው፣ ወይም ልጅቷ ልብሷ ላይ ደም ስታይ፣ ቀድሞ ያስረዳቸው ሰው ከሌለ የሚሰማቸው ድንጋጤ ምድር ቤት ከመውደቅ አይተናነስም።

ታዲያ የትኛው ለውጥ ጤናማ ነው? በሴት ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ምልክት ከ8 እስከ 13 ዓመት ባለው ጊዜ የጡት ማጎጥጎጥ ነው፤ የወር አበባ ከዚያ 2 ወይም 3 ዓመት ያህል ቆይቶ ይመጣል። በወንድ ደግሞ ከ9 እስከ 14 ዓመት ባለው ጊዜ የዘር ፍሬ መጠን መጨመር ነው፤ ብልት፣ ፀጉር፣ ድምፅና ቁመት ተከትለው ይመጣሉ። ለወንዶቹ ማንም የማይነግራቸው አንድ ነገር አለ፦ ብዙ ወንዶች በጉርምስና ወቅት ከጡታቸው ጫፍ ሥር ጠንከር ያለ፣ ሲነካ የሚያም እብጠት ያወጣሉ። ከሆርሞን መዛባት የሚመጣ ጊዜያዊ ነገር ነው፤ በአብዛኛው በ2 ዓመት ውስጥ ይጠፋል። ስንት ልጅ በዚህ ምክንያት ኳስ መጫወት እንዳቆመ፣ ሸሚዙን ላለማውለቅ ሰበብ እንደፈጠረ ቤት ይቁጠረው። ኩርት በሰዓቱ፣ እሱ በሰፊ ጃኬቱ።

ሐኪም ማየት ያለበት ከእነዚህ ዕድሜዎች ሲወጣ ነው። ሴት ልጅ ከ8 ዓመት በፊት ጡት ካወጣች ወይም 13 ሞልቷት ምንም ምልክት ከሌለ፣ 15 ሞልቷት የወር አበባ ካላየች፤ ወንድ ልጅ ከ9 ዓመት በፊት ከጀመረው ወይም 14 ሞልቶት ምንም ለውጥ ከሌለ አምጧቸው። የወር አበባ ሕመሟ በየወሩ ከትምህርት ቤት የሚያስቀራት ልጅም «ሴትነት ነው፣ ቻይው» መባል የለባትም። የሚታከም ነገር ነው።

እስካሁን ያወራነው ስለ ጤናማው ነው። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላው ነው፤ ጉርምስና መስሎ የሚመጣው፣ ልጁም «ይሄም ያው ነው» ብሎ የሚደብቀው።

አንድ ምሳሌ። በጉርምስና ዕድሜ የሚጀምር አንድ ዓይነት የሚጥል በሽታ አለ። መነሻው መውደቅ አይደለም። ጠዋት ልጁ ከእንቅልፉ በተነሳ በደቂቃዎች ውስጥ ክንዱ ድንገት ይዘላል፤ ሻይ ይደፋል፣ የጥርስ ብሩሽ ከእጁ ያመልጣል። ራሱን አይስትም፤ ሁሉንም ያውቃል። ቤተሰብ «ልቡ የት ነው?» ይለዋል፤ እሱም ዝም ይላል። ከዚያ ለፈተና ሲያጠና ባደረ ማግስት ክፍል ውስጥ ይወድቃል። ይህ ዓይነቱ በሽታ በትክክለኛው መድኃኒት በብዛት በደንብ ይቆጣጠሩታል። ችግሩ ለሌላ ዓይነት የሚጥል በሽታ የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች ይህንን ያባብሱታል። ስለዚህ ያ የጠዋት መዝለል ለሐኪሙ መነገሩ ሕክምናውን ይቀይረዋል። ለሴት ልጅም መድኃኒቱ በጥንቃቄ ነው የሚመረጠው፤ አንዳንዶቹ ወደፊት ስታረግዝ ፅንስ ይጎዳሉ። ይህን ሰምታችሁ ግን በራሳችሁ እንዳታቆሙባት፤ መጀመሪያ ሐኪሟን አማክሩ።

ልጁ ከወደቀ ደግሞ በጎኑ አስተኙት፣ ከራሱ ሥር ለስለስ ያለ ነገር አድርጉ፣ ሰዓት ያዙ። አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አታስገቡ። ክብሪት ጭሮ ማሽተት አይጠቅምም። መንቀጥቀጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ሳይነቃ ከደገመው በቀጥታ ወደ ሆስፒታል። ጠበል የሚወስዱት ቤተሰቦችም መድኃኒቱን ሳያቋርጡ መውሰድ ይችላሉ፤ ሁለቱ አይጣሉም።

ሁለተኛው ምሳሌ ዓይነት 1 የስኳር በሽታ ነው። ልጁ ውሃ አይጠግብም፣ ይከሳል፣ ድካም ይበዛበታል። ሌሊት ደጋግሞ ሽንት ቤት ይሄዳል፤ አንዳንዱም ከስንት ዓመት በኋላ እንደገና አልጋ ላይ መሽናት ይጀምራል። የ14 ዓመት ልጅ ይህን ለማን ይናገራል? አንሶላውን ራሱ አጥቦ ያሰጣዋል እንጂ። ከዚያ ማስመለስ፣ ሆድ ቁርጠት፣ ፈጣንና ጥልቅ አተነፋፈስ ይመጣል። ቤት ውስጥ «ታይፎይድ ነው፣ ጨጓራ ነው» ሲባል ጊዜ ያልፋል፤ ይህ ደረጃ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ሕይወት የሚያሳጣ ነው። ምርመራው ግን ጣት ወግቶ አንዲት ጠብታ ደም መውሰድ ብቻ ነው።

ወደ ሮግ ልመለስ፤ በእኔ እይታ የተከታታዩ ምርጥ ገጸ ባሕርይ እሷ ናት። በ3ኛው ምዕራፍ ውስጥ የነካቻቸው ሰዎች ሁሉ በውስጧ መናገር ይጀምሩና ራሷን መቆጣጠር ያቅታታል። የአእምሮ ሕመም በትክክል እንዲህ አይደለም። ሰው ወደ ሌላ ሰው አይቀየርም፤ አብዛኛው ታማሚም ለሌላው አደጋ አይደለም። ብቻዋን የምትሸከምበት መንገድ ግን እውነት ነው። ከ2 ሳምንት በላይ የቆየ ሐዘን ወይም ብስጭት፣ የሚወደውን ነገር መተው፣ እንቅልፍ መዛባት፣ በሙቀት ጊዜ እንኳ ረጅም እጅጌ አለማውለቅ (ክንዱ ላይ ራሱን የጎዳበት ጠባሳ ሊኖር ይችላል)፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ መስማት፤ እነዚህ «የዕድሜው ነው» ተብለው የሚታለፉ አይደሉም። ራሱን ስለማጥፋት አስቦ እንደሆነ በቀጥታ ብትጠይቁት ሐሳቡን አታመጡበትም። ይህ በጥናት የታየ ነው። አዎ ካላችሁ ብቻውን አትተዉት፤ መድኃኒትና ስለታም ነገር አርቁ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ውሰዱት።

ተከታታዩ ቤተሰብንም አይምርም። ዋንዳ የምትባል ልጅ አለች፤ አባቷ ኃይሏን መቆጣጠር ቢያቅተው የአእምሮ ሕሙማን ተቋም አስገብቷት ሄደ። ስትወጣ የምታስበው እሱን መበቀል ብቻ ነው። ኤቫን ደግሞ ከሰውነቱ የሚወጣው የአጥንት እሾህ አልቆጣጠር ሲለው ሁሉንም ትቶ ከመሬት በታች ካሉ ስደተኞች ጋር ለመኖር ይሄዳል። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ እንዲገባ በሚደረግበት ቤት ያደጋችሁ ታሪኩ አዲስ አይሆንባችሁም።

ፊልሙ የሚዋሸው አንድ ቦታ ላይ ነው። ፕሮፌሰር ዜቪየር ሴሬብሮ የሚባል ማሽን አለው። የትም አገር አንድ ልጅ ኃይሉ ሲነቃ ማሽኑ ይነግረዋል፤ እሱም በሩን ያንኳኳል። ልጁ መናገር አያስፈልገውም። እኛ ግን ሴሬብሮ የለንም። የጠዋቱን የእጅ መዝለል የሚያሳይ፣ የተደበቀውን አንሶላ የሚቆጥር ማሽን የለም። ልጁ ካልተናገረ እኛ ካልጠየቅን ማንም አያውቅም።

ካልጠየቅን ደግሞ ሌላ ሰው ይቀድመናል። ኪቲን ቀድሞ «እኔም እንዳንቺ ነኝ» ያላት ላንስ የሚባል የትምህርት ቤቷ ልጅ ነው፤ የፈለጋት ግን በግድግዳ አሳልፋው የፈተና መልስ እንዲሰርቅ ነው። ልጅ ሚስጥሩን የሚሰጠው ለተሻለው ሰው ሳይሆን ቀድሞ ላልደነገጠው ሰው ነው።

እንዴት እንጠይቅ? ፊት ለፊት አስቀምጦ «ና፣ እንነጋገር» ማለት ብዙ ጊዜ አፍ ይዘጋል። ጎን ለጎን ተቀምጦ፣ ሁለታችሁም ስክሪኑን እያያችሁ ማውራት ይቀላል። ስለ ልጁ ሳይሆን ስለ ኪቲ ጠይቁት፤ «አሁን አንተ ብትሆን ለማን ትነግር ነበር?» በሉት። ከዚያ ዝም በሉ። ዝምታው ይረዝማል፤ አትሙሉት። የሆነ ነገር ካወጣ ደግሞ የመጀመሪያው ፊታችሁ ወሳኝ ነው። «ለምን እስከዛሬ አልነገርከኝም?» የሚለውን ለጊዜው ዋጡትና «ከመቼ ጀምሮ ነው?» በሉት። እኛም ስንጠይቅ ይኸው ነው የምንለው። ሐኪም ዘንድ ስታመጡትም ለጥቂት ደቂቃ ከእኛ ጋር ብቻውን ተዉት። የምንደብቃችሁ ነገር ኖሮ አይደለም፤ እናቱ ፊት የማይወጣ ነገር ስላለ ነው።

የስኮትን መነጽርም አሳዩት። ስኮት አልዳነም፤ መነጽሩ ሲወልቅ ጨረሩ አለ። ግን ይማራል፣ መኪና ይነዳል፣ ቡድን ይመራል። በየቀኑ ኢንሱሊን ለሚወጋ ወይም ኪኒን ለሚውጥ ልጅ ይህን ከእኔ ንግግር ይልቅ ስኮት ያስረዳዋል።

ስለ ብልጭታም አንድ ነገር ልበል። እንደ ፈረንጆች በታኅሣሥ 1997 በጃፓን አንድ የፖኪሞን ክፍል ቀይና ሰማያዊ ብርሃን በፍጥነት ሲያፈራርቅ ከ600 በላይ ልጆች ሆስፒታል ገብተው ነበር። የሚጥል በሽታ ካለባቸው 100 ሰዎች መካከል 3 ያህሉ በብልጭታ ይነሳባቸዋል፤ ያ የጠዋቱ ዓይነት ያለባቸው ላይ ደግሞ ከዚህ በጣም ይበዛል። መብራት አጥፍታችሁ አትዩ፣ ከስክሪኑ ራቅ በሉ፣ ሌሊት አታስመሹት፤ ብልጭታ ሲበዛበት አንድ ዓይኑን በእጁ እንዲሸፍን ንገሩት።

ከየት ልጀምር ለምትሉ የ1ኛው ምዕራፍ 2ኛ ክፍል የኪቲ፣ 3ኛው የሮግ ነው። እያያችሁ ልጃችሁ «እኔም እኮ ጠዋት ጠዋት እጄ እንዲህ ይላል» ካለ፣ በነጋታው ከእንቅልፉ ሲነሳ በስልካችሁ ቪዲዮ ቅረጹትና ይዛችሁ ኑ። ብዙ ጊዜ ከማንኛውም ምርመራ ቀድሞ መንገድ የሚያሳየን እሱ ነው።