ተጨማሪ መረጃ፦ ፊኛው ከወጣ በኋላ የሚቀረው ቧንቧ

የሽንት መውጫ ቧንቧ ካንሰር እጅግ አልፎ አልፎ የሚታይ በሽታ ነው፤ ከካንሰሮች ሁሉ 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። የፊኛ ካንሰር የያዘው ሰው ግን ከሌላው ይልቅ ለዚህ በሽታ የተጋለጠ ነው። ምክንያቱ የውስጥ ሽፋኑ ነው። ከኩላሊት ጀምሮ ፊኛን አልፎ እስከ መውጫው ቧንቧ መጀመሪያ ድረስ ያለው መንገድ የተሸፈነው በአንድ ዓይነት ሕዋሳት ነው። የሲጋራ ጭስ ወደ ደም ያስገባቸው መርዞች በኩላሊት ተጣርተው ከሽንት ጋር ሲወርዱ ይህን ሽፋን ሁሉ ይነካሉ። ስለዚህ አንዱ ቦታ ሲታመም ሌላው ጤነኛ ነው ብሎ መዘናጋት አይገባም።

ይበልጥ ጥንቃቄ የሚያሻው ፊኛው በቀዶ ሕክምና ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ቧንቧው ሲቀር ነው። ካንሰሩ በወንዶች ወደ ፕሮስቴት ደርሶ ከነበረ፣ በሴቶች ደግሞ የፊኛውን አንገት ነክቶ ከነበረ አደጋው ከፍ ይላል። ብዙ ቀዶ ሐኪሞች ቧንቧው ከተቆረጠበት ጫፍ ናሙና ወስደው፣ ታካሚው ገና ከጠረጴዛው ሳይወርድ በማይክሮስኮፕ የሚያስመረምሩት ለዚህ ነው።

ሽንቱ በሆዱ በኩል ወደ ከረጢት እንዲፈስ የተደረገለት ሰው በቀረው ቧንቧ አይሸናም። ሆኖም በሽታው በዚያው ቧንቧ ሊመለስ ይችላል፤ ከተመለሰ በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ነው፤ ዘግይቶ የሚመጣም አለ። በዚያ ቧንቧ ደም ወይም ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ከታየ፣ ሕመም ባይኖረውም እንኳ፣ የቀጠሮ ቀን ሳይጠበቅ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል።