ያውቁ ኖሯል? አሮጌ ጊታር ከመታደሱ በፊት

ጊታር በተለመደው መንገድ ሲቃኝ ባዶ ክሮቹ የሚሰጡት ድምፅ አምስት ዓይነት ብቻ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፤ ስድስተኛው ክር ሚን ይደግማል። እነዚህን አምስቱን ከሶል ጀምረው ቢደረድሯቸው ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ፣ ሚ ይመጣል፤ ይህም ሜጀር ትዝታ ነው። ስለዚህ ሐረር ውስጥ ከሰው ቤት ያገለገለ ጊታር ሊገዙ ቢሄዱ፣ አኮርድ መያዝ ባይችሉ እንኳ መፈተሻው በእጅዎ ነው። ጊታሩ ይቃኝልዎትና 3ኛውን፣ 5ኛውን፣ 2ኛውን፣ 4ኛውንና 1ኛውን ክር በዚህ ተራ ይምቷቸው። ከፍታቸው ቢለያይም ትዝታውን ጆሮዎ ይለየዋል። ክሩ ባዶውን ሲመታ ብቻ የሚነዝር ከሆነ ጥፋቱ ከአንገቱ ጫፍ ባለው፣ ክሮቹ በሚያርፉበት አጥንት ላይ ነው። በጣት ሲጫኑት የሚነዝር ከሆነ ደግሞ አንገቱ ላይ የተተከሉትን የብረት ዘንጎች (ፍሬቶች) ወይም የአንገቱን መጉበጥ ይጠርጥሩ።

ዚክሪ በሚባለው የሐረሪዎች ባህላዊ መንፈሳዊ ዜማ ውስጥ ዋነኞቹ መሣሪያዎች ከበሮና «ከበል» የሚባሉት የእንጨት ማጨብጨቢያዎች መሆናቸውንስ? ክር ያላቸው መሣሪያዎች ወደ ዘመናዊው ዘፈን የገቡት በኋላ ነው። ከሐረር ቁልቁል በምትገኘው ድሬዳዋ የተወለደው ድምፃዊ አሊ ቢራ ገና በልጅነቱ የአፍረን ቀሎን የሙዚቃ ቡድን ተቀላቅሎ ኦድ የሚባለውን ባለ ክር መሣሪያም ጊታርም ተጫውቷል፤ ከኦሮምኛ ሌላ በሐረሪ፣ በሶማልኛ፣ በአማርኛና በዓረብኛም ዘፍኗል። ያረፈው ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። በዚህ አካባቢ አንድ አሮጌ ጊታር ከአልጋ ሥር ሲወጣ፣ የአሊ ቢራ ዘመን ወጣቶች እጅ ያረፈበት ሊሆን ይችላልና በጥንቃቄ ይያዝ የምለው ለዚህ ነው።

አንድ ባለ ብረት ክር ጊታር ተቃኝቶ ሲቀመጥ ስድስቱ ክሮች በአንድነት ከ70 ኪሎ በላይ በሆነ ኃይል ፊቱ ላይ የሚታሰሩበትን ብሪጅ እንደሚጎትቱት ያውቃሉ? ይህን ሁሉ የሚሸከመው የፊት ሳንቃ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የናይለን ክር ግን የሚጎትተው ወደ 40 ኪሎ ነው። ያገለገሉ ጊታሮችን የሚያበላሽ አንድ ስህተት እዚህ ላይ ይፈጸማል፦ ለናይለን የተሠራ ክላሲካል ጊታር ላይ «ድምፁ እንዲጎላ» ተብሎ የብረት ክር ይታሰርበታል። ውሎ አድሮ የፊቱ ሳንቃ ያብጣል፣ ብሪጁ ከኋላው ይነሳል፣ አንገቱም ይጎብጣል።

የእርስዎ የትኛው እንደሆነ ለመለየት ሦስት ቦታ ይመልከቱ። ክሩ ብሪጁ ላይ በቋጠሮ የሚታሰር ከሆነ የናይለን ነው፤ በትንንሽ መሰኪያዎች የሚያዝ ከሆነ የብረት ነው። የአንገቱ ጫፍ ስፋት 52 ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆነ ክላሲካል ነው፤ 43 ወይም 44 ከሆነ የብረት። የናይለኑ ራስ ብዙውን ጊዜ በሁለት ረጃጅም ቀዳዳዎች የተሰነጠቀ ነው። ብሪጁ መነሳቱን ለማወቅ ደግሞ ስስ ወረቀት ከብሪጁ ኋላ ጠርዝ ሥር ለማስገባት ይሞክሩ። ወረቀቱ ከገባ ክሮቹን በዚያው ሰዓት ያላሉ፣ ሳይጠገንም አይቃኙት።

የናይለን ክር የጦርነት ልጅ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ቀድሞ ክላሲካል ጊታር የሚታሰረው፣ እንደ ጥንቱ ክራር፣ በእንስሳ አንጀት ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አንጀቱ ለቀዶ ሕክምና መስፊያ ስለተፈለገ እጥረት ሆነ። በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኒውዮርክ ውስጥ አልበርት ኦገስቲን ናይለንን ለጊታር አበጀው፤ ስመ ጥሩው ስፔናዊ ተጫዋች አንድሬስ ሴጎቪያም አበረታታው።

ወደ ጽዳቱ እንግባ።

በጊታሩ ሆድ ውስጥ የተጋገረ አቧራ ካለ፣ ክሮቹን አውልቀው ሁለት እፍኝ ደረቅ ጥሬ ሩዝ በቀዳዳው ይጨምሩና ቀስ አድርገው ወዲያ ወዲህ ያንከባሉት። ሩዙ አቧራውን አራግፎ ይዞት ይወጣል። በእርጥብ ጨርቅ ውስጡን መወልወል ግን አይገባም፤ የውስጡ እንጨት ቀለም ስላልተቀባ ውኃ ይጠጣል።

ምራቅ እውነተኛ ማጽጃ መሆኑንስ? የቅርስ ጠጋኞች በጥጥ እንጨት ምራቅ እያስነኩ ያረጀ ቀለም ያጸዳሉ። ሦስት የፖርቱጋል ተመራማሪዎች አሚሌዝ የተባለው የምራቅ ኢንዛይም በዚህ ሥራ ያለውን ድርሻ በመመርመራቸው እ.ኤ.አ. በ2018 የኢግ ኖቤል የኬሚስትሪ ሽልማት ወስደዋል። ዕጣንና ሉባንጃ በሚታጠንበት ቤት የኖረ ጊታር ላይ ጢሱ የሚያጣብቅ ስስ ሽፋን ይተዋል። እሱን ለማንሳት ግን ምራቅ አያስፈልግም፤ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ለብ ባለ ውኃ ነክሮ፣ ጠብታ እስከማይወጣው ድረስ ጨምቆ፣ በትንሽ በትንሹ መጥረግና ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ማድረቅ ይበቃል። ጨርቁም ሩቅ አይደለም። በግንብ በታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ በጀጎል፣ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ባሉት ልብስ ሰፊዎች ዘንድ ለስላሳ የጥጥ ቁራጭ አይጠፋም። ፖሊስተር የተቀላቀለበትን ይተዉት፤ ቀለሙን ሊጭረው ይችላል።

አልኮል በጊታር ላይ ከቢላ የባሰ ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል ያውቃሉ? ብዙ የድሮ በእጅ የተሠሩ ጊታሮች የተለበጡት በሼላክ ነው። ሼላክ ላክ የተባለች ትንሽ ነፍሳት የምታወጣው ሙጫ ሲሆን አልኮል ሲነካው ይሟሟል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ደግሞ ናይትሮ የተባለውን ቅብ ጭምር ያቀልጣል። ስለዚህ ስፒሪት፣ አረቄ፣ ሳኒታይዘርና አሴቶን ከሩቅ። የተለጠፈ ስቲከር ትቶት የሄደ ሙጫ ካስቸገረዎት የዚፖ ላይተር ነዳጅ በጥጥ ነክተው፣ መጀመሪያ በማይታይ ቦታ ፈትነው፣ እሳት በሌለበትና አየር በሚገባበት ቦታ ይጥረጉት። ሲሊኮን ያለበት የቤት ዕቃ ማወልወያም አይቀቡ። ለጊዜው ያብረቀርቃል፤ ነገ ስንጥቅ የሚጠግን ባለሙያ ግን ሙጫውም ቅቡም አልይዝ ይለዋል።

ክሮቹ በጣት በሚጫኑበት የአንገቱ ፊት (ፊንገርቦርድ) ላይ በፍሬቶቹ ጥግ ጥግ የሚጋገረው ጥቁር ነገር ላብ፣ ቅባትና የሞተ ቆዳ መሆኑንስ? በአሮጌ የባንክ ካርድ ጠርዝ በዝግታ ይፋቅ። የዛጉ ፍሬቶች ባለ አራት ዜሮ በሆነው ለስላሳ የብረት ሱፍ ያበራሉ፤ የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ግን ጭረት ይተዋል። የሎሚ ጭማቂ አሲድ ነው፣ አይሞክሩት። የምግብ ዘይትም ቅቤም ውለው አድረው ይሸታሉ፣ ይጣበቃሉ። ጥቁር ወይም ጠይም ለሆነ ደረቅ ፊንገርቦርድ ከፋርማሲ የሚገዛ ፓራፊን ዘይት ሁለት ሦስት ጠብታ በጨርቅ አሽቶ፣ ጥቂት ቆይቶ ትርፉን መጥረግ ነው። ነጣ ያለና በቅብ የተሸፈነ ከሆነ ዘይት አያስፈልገውም።

የጊታር መቃኛ ቁልፍ ብዙውን ጊዜ 14 ጊዜ ሲዞር ክሩ የተጠመጠመበት ምሰሶ የሚዞረው አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ጥርሶቹ በአቧራ ሲደርቁ ሰው ጊታሩ «ቅኝት አይዝም» ብሎ ይጥለዋል። እዚህም መፍትሔው ከመኪና ግርግር ልብስ ሰፊዎች ይገኛል። ጥርሶቹን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አራግፈው፣ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት በመርፌ ጫፍ ያስነኩ፤ የላሉ ብሎኖችን በትንሽ ካቻቢቴ ያጥብቁ። ዘይቱ እንጨቱን እንዳይነካ ይጠንቀቁ። ክሩ ሲቃኝ ክርክር የሚል ከሆነ ደግሞ በአንገቱ ጫፍ ያሉትን ቦዮች በእርሳስ ይሳሉባቸው። የእርሳሱ ግራፋይት ያንሸራትተዋል።

የታላቁ ሳይንቲስት ጋሊሊዮ አባት ስለ ፍሬት ስሌት መጻፉንስ? ቪንቼንዞ ጋሊሌይ ሉት የሚባለው መሣሪያ ተጫዋች ነበር። እያንዳንዱን ፍሬት ለመትከል የቀረውን የክር ርዝመት ለ18 ማካፈልን አስተማረ፤ የዛሬዎቹ ሠሪዎች 17.817 ይጠቀማሉ። ክሩ 650 ሚሊ ሜትር ከሆነ የመጀመሪያው ፍሬት 36.5 ሚሊ ሜትር ላይ ይተከላል፣ 12ኛው ልክ ግማሹ ላይ ይውላል። ይህ ለገዢ ይጠቅማል። ከአንገቱ ጫፍ እስከ 12ኛው ፍሬት፣ ከዚያም እስከ ብሪጁ አጥንት ሜትር ይዘው ይለኩ። ሁለተኛው ልኬት በጥቂት ሚሊ ሜትር ሊበልጥ ይገባል። ከዚያ ያለፈ ልዩነት ካገኙ ብሪጁ ወልቆ ያለቦታው ተለጥፏል ማለት ነውና ዋጋው ርካሽ ቢሆንም ይተዉት። እግረ መንገድዎን 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩ ከፍሬቱ ምን ያህል እንደራቀ ይዩ። በብረት ክር ወፍራሙ 2.4፣ ቀጭኑ 1.8 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ በናይለን 4 እና 3 ገደማ ከሆነ ጥሩ ነው።

ሐረር ከባሕር ወለል 1,885 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስትቀመጥ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት። ከአንዷ ወደ ሌላዋ ለመውረድ በመኪና የሚፈጀው ጊዜ አጭር ቢሆንም፣ ጊታሩ የሚያገኘው አየር ግን ሌላ ነው። እንጨት በደረቅ አየር የሚኮማተረው በጅማቱ አግድም በመሆኑ ሳንቃው በቁመቱ ይሰነጠቃል። ጊታር የሚስማማው የአየር እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ደረቅ ወቅት በተበሳሳ የሳሙና መያዣ ውስጥ እርጥብ፣ ግን የማይንጠባጠብ ስፖንጅ አድርገው ከጊታሩ ጋር በመያዣው ውስጥ ይዝጉበት። ጊታሩን ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ጥሎ መሄድማ አይታሰብ። ከእንስሳ ቆዳ የሚሠራው የጊታር ሙጫ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ መላላት ይጀምራል፤ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ደግሞ እዚያ ይደርሳል።

ለጊታር ከሚመቹ ቤቶች አንዱ «ጌይ ጋር» የሚባለው የሐረሪዎች ባህላዊ ቤት ነው ብዬ አምናለሁ። ወፍራሙ የድንጋይ ግድግዳ ሙቀቱን ሳያዋዥቅ ያቆየዋል። ክረምት ላይ ግን ዝናብ በሚመታው የውጭ ግድግዳ ላይ አይስቀሉት፤ ወደ ውስጠኛው ግድግዳ ያዙሩት።

በጀጎል ውስጥ፣ ራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው ሕንፃ፣ በአቶ አብዱላሂ ሸሪፍ የተመሠረተ ሙዚየም እንዳለ ያውቁ ኖሯል? የእጅ ጽሑፎች፣ ሳንቲሞችና በድምፅ የተቀዱ የቆዩ የሐረሪ ዘፈኖች ተሰብስበውበታል፤ ያረጁ መጻሕፍትም ይጠገኑበታል። በዓለም ላይ ያሉ የቅርስ ጠጋኞች የሚስማሙበት ሕግ አለ፦ ዛሬ የሚደረግ ጥገና ነገ ሊፈታ የሚችል ይሁን። ለጊታርም ይኸው ነው። የቆዳ ሙጫ በሙቀትና በእርጥበት ይፈታል፤ ሱፐር ግሉና ሚስማር ግን እንጨቱን ይዘው ይሞታሉ። ስንጥቅ ሲኖር ጥሩ አናጢ ከውስጥ በኩል ትንሽ የእንጨት ቁራጭ፣ ጅማቱን ከስንጥቁ ጋር አሻግሮ ይለጥፋል። አናጢዎ የብርጭቆ ወረቀት አንስቶ ገላውን በሙሉ ፍቆ ቫርኒሽ ልቀባው ካለ ግን እምቢ ይበሉት። ወፍራም ቅብ ሳንቃው እንዳይንቀጠቀጥ ያፍነዋል፤ የድሮ ጊታር ከሆነም ዋጋውን በእጅጉ ያወርደዋል።

ለዚህ ምሳሌ ቢሆን፣ አሜሪካዊው ዘፋኝ ዊሊ ኔልሰን እ.ኤ.አ. በ1969 በ750 ዶላር የገዛውን ማርቲን ኤን 20 ጊታር ለዐሥርተ ዓመታት ሳይለውጥ ተጫውቶበታል። ክላሲካል ጊታር በመሆኑ ከመምቻው (ከፒክ) የሚከላከል ሽፋን ስላልነበረው ፊቱ ላይ ትልቅ ቀዳዳ ተበስቷል። የሚንከባከቡት ባለሙያዎች ቀዳዳውን አልደፈኑትም፤ ውስጡን አጠናከሩለት እንጂ።

ጊታር ይዘው ከአገር ለሚወጡ፦ ሮዝዉድ የሚባለው የእንጨት ዘር በሙሉ እ.ኤ.አ. ከጥር 2017 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር ውሏል። ተሠርተው ያለቁ የሙዚቃ መሣሪያዎች በኅዳር 2019 ከቁጥጥሩ ወጥተዋል፤ የብራዚሉ ሮዝዉድ ግን አሁንም ጥብቅ ፈቃድ ይፈልጋል።

የመጨረሻው ጥያቄዬ ልመና ነው። በቀዳዳው ውስጥ የሚታየውን የሠሪውን ወረቀት አይላጡት፣ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። ሲያድሱ ያወጡትን የተበላ አጥንት፣ የዛገ መቃኛና የተሰበረ መሰኪያ አይጣሉ። በፖስታ ያድርጉት፣ የተጠገነበትን ቀንና የተጠቀሙበትን ሙጫ ዓይነት ጽፈው በጊታሩ መያዣ ኪስ ያኑሩት፤ ከእርስዎ ቀጥሎ የሚጠግነው ሰው ይፈልገዋል።